ስፖኪዮውን የሚነቅለው አንድ ነው፤ ገዢው ግን ብዙ ነው!

(የመኪና ስርቆትና ዘረፋ ያማረራቸው የአንድ የአዲስ አበባ ሰፈር ነዋሪዎችና የታክሲ አሽከርካሪዎች በእድራቸው አዳራሽ በጠሩት ስብሰባ ላይ አንድ ጠበቃ ያሰሙት ንግግር ነው። ለአንባቢ እንዲመች በጥቂቱ አሳጥረን አቅርበነዋል።)



ከእኔ በፊት የተናገራችሁትን ሁሉ ስሰማ ቆይቻለሁ። አንዱ ባትሪው ሌሊት ተፈትቶ አደረ፤ የአንዷ ቪትዝ ስፖኪዮዋ ለሁለተኛ ጊዜ ተነቀለ፤ ሌላው ከነመኪናው ሊወስዱት አንቀውት በእግዜር ቸርነት ተረፈ። አንድ አባት ደግሞ «ሁለት ሦስቱን አደባባይ ላይ ቢሰቅሏቸው የቀረው ይማር ነበር» አሉና አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ጭብጨባው ይገባኛል። በዚህ ከተማ መኪና የቅንጦት ዕቃ የሆነለት ሰው ጥቂት ነው። ለአብዛኛው ሰው መኪና ማለት የባንክ ዕዳ ነው፤ የእቁብ ገንዘብ ነው፤ እህት ዓረብ አገር ተንከራታ የላከችው ላብ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህማ፣ ያለችው አሮጊት መኪና ከሄደች ምትኳ በቀላሉ አይገኝም። እንጀራውን የተነጠቀ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም።

እኔ ግን የመጣሁት አብሬ ላጨበጭብ አይደለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፣ መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል ልንገራችሁ፤ ቀጥሎ የቱ ጋ እንደሚያፈስ እንይ። ስንጨርስ ለቁጣው ትክክለኛ አድራሻ የምናገኝለት ይመስለኛል።

አንድ መኪና፣ ብዙ ስም

ሰው «መኪናዬ ተሰረቀ» ሲል አንድ ነገር የተናገረ ይመስለዋል። ለሕግ ግን መኪናው የሄደበት መንገድ ስሙንም ቅጣቱንም ይለውጠዋል። አሁን የምንሠራበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሽሮ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ነው።

በዚህ ሕግ አንቀጽ 665 መሠረት፣ ተገቢ ያልሆነ ብልጽግና ለማግኘት የሌላውን ሰው ንብረት የወሰደ ሌባ ነው። ቅጣቱ እንደ ነገሩ ሁኔታ ቀላል እስራት ወይም እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። ቀላል እስራት በመሠረቱ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ሲሆን፣ ጽኑ እስራት ከ1 ዓመት ይጀምርና 25 ዓመት ድረስ ይሄዳል፤ ሕጉ በግልጽ ሲያዝ ደግሞ ዕድሜ ልክ ይሆናል። እንግዲህ ሌሊት መጥቶ፣ ማንንም ሳይነካ፣ ስፖኪዮ ነቅሎ የሄደው ልጅ በዚህ ሥር ነው የሚወድቀው።

ያው ሌባ ከጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ፣ ስርቆትን ሙያዬ ብሎ ይዞ፣ ወይም የተዘጋ ሰብሮ የገባ እንደሆነ ነገሩ ወደ አንቀጽ 669 ይሻገራል። ስሙም ከባድ ስርቆት ይሆናል፤ ቅጣቱም እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል።

አሽከርካሪውን አንቆ፣ ደብድቦ ወይም አስፈራርቶ መኪናውን የወሰደ ግን ሌባ አይባልም፤ ወንበዴ ነው። አንቀጽ 670 ለውንብድና ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። የጦር መሣሪያ ከተያዘበት ወይም በቡድን ከተፈጸመ በአንቀጽ 671 ከባድ ውንብድና ይሆንና እስከ 25 ዓመት ይሄዳል። ሰው ከሞተበት ወይም ለዘለቄታው የአካል ጉዳት ከደረሰበት ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። በቅርብ ዓመታት ተሳፋሪ መስለው ገብተው የሜትር ታክሲ አሽከርካሪዎችን እየገደሉ መኪና የወሰዱ ሰዎች የሚከሰሱት በዚህና በከባድ ሰው ግድያ አንቀጽ ነው።

ሌላም አለ። መኪናችሁን በሕጋዊ ውል ተከራይቶ ወስዶ፣ ከዚያ በሐሰተኛ ሊብሬ የሸጠው ወይም በብድር መያዣነት ያስያዘው ሰውዬስ? እሱ በር አልሰበረም፤ ማንንም አላነቀም። ቁልፉን የሰጣችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ሕጉ ይህንን እምነት ማጉደል ይለዋል፤ አንቀጽ 675 ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ አታሎ ከሆነ የወሰደው፣ አንቀጽ 692 አታላይነት ይለዋል። ሊብሬውን ያስመሰለበት፣ ሰሌዳ የለወጠበት፣ የሻንሲ ቁጥር የፋቀበት ወንጀል ደግሞ ራሱን ችሎ ተጨማሪ ክስ ያስከትልበታል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ሕግ ላስተምራችሁ ብቻ አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ ቃላችሁን ስትሰጡ ዝርዝሩ ዋጋ ስላለው ነው። «መኪናዬን ወሰዱብኝ» ብላችሁ ብቻ ፈርማችሁ ከወጣችሁ፣ አንገታችሁ ላይ የነበረው ገመድ መዝገቡ ውስጥ የለም ማለት ነው። ውንብድናው ስርቆት ይሆንና 15 ዓመቱ ወደ 5 ይወርዳል። የታነቀ ሰው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የሕክምና ማስረጃ ያውጣ። የተነጠቀው ስልክም ካለ ይጻፍ። ቃላችሁ ተነቦላችሁ ሳትሰሙ አትፈርሙ።

ታዲያ ሕጉ ላላ?

ከ10 ቀን እስከ ሞት የሚደርስ ቅጣት የያዘ ሕግ ላላ ሊባል አይችልም። ከላዩ ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አውጥቷል፤ በ2006 ዓ.ም. አሻሽሎታል። ዳኛው እንደ ንብረቱ ዋጋና እንደ አፈጻጸሙ ቅጣቱን በደረጃ እንዲያሰላ የተደረገው በዚህ ነው። ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ የሚጎድል ነገር የለውም።

የቅጣት ክብደት ብቻውን ሌባ የሚያጠፋ ቢሆን ኖሮ፣ አገራችን ከሌባ የጸዳችው ገና ድሮ በሆነ ነበር። በነገሥታቱ ዘመን ለሌባ እጅ እስከ መቁረጥ ተደርሷል። ሌባ ግን አልጠፋም። በቅሎና ፈረስ ሲሰረቅ ኖሯል። የፈረሱ ቦታ በቶዮታ ተተካ እንጂ ሙያው ያው ነው!

ሌባ የሚፈራው የቅጣቱን ርዝመት አይደለም፤ መያዙን ነው። እንደማይያዝ የሚያውቅ ሰው 5 ዓመት አልከው 25 ዓመት አልከው፣ ለእሱ ቁጥር ነው። እንደሚያዝ የሚያውቅ ሰው ግን ለ6 ወርም ይፈራል። እኛ አገር የጠፋው ይሄ ነው። ስፖኪዮ ከተሰረቀባቸው ሰዎች ስንቱ ነው ጣቢያ ሄዶ የሚያመለክተው? አዳራሹን እጅ አውጡ ብል የማየውን አውቀዋለሁ። «ምን ሊያደርጉልኝ?» ትላላችሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆኖባችኋል። ካልተመለከተ አይመዘገብም፤ ካልተመዘገበ አይመረመርም። ሌባውም እንደዚያ አድርጎ ያሰላዋል።

ከሌባው ጀርባ የተቀመጠው ሰው

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

ስፖኪዮ አይበላም፤ አይለበስም። ሌባው መኪና የለው፣ ምን ያደርግበታል? የሚነቅለው ነገ ጠዋት የሚገዛው ሰው ስላለ ነው። የጎማው፣ የባትሪው፣ የፍሬቻው፣ የኮምፒዩተሩ ነገርም ያው ነው። ሙሉ መኪና ሲሰረቅ እንኳ ወይ ሰሌዳ ተለውጦ ሩቅ ክፍለ አገር ይሸጣል፣ ወይ ተበታትኖ በቁራጭ ይሄዳል። በሁለቱም መንገድ መጨረሻው ላይ ገንዘብ ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው አለ። ያ ሰው ባይኖር ሌባው በብርድ ሌሊት ምን አስወጣው?

ሕጉ ይህን ሰው አልረሳውም። አንቀጽ 682ን ስሙልኝ፤ ርዕሱ መሸሸግ ይባላል። በወንጀል የተገኘ ንብረት መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ የገዛ፣ በስጦታ ወይም በመያዣ የተቀበለ፣ የደበቀ፣ የሸጠ ሰው ይቀጣል። አንቀጽ 683 ደግሞ ይህንን ሥራዬ ብሎ ለያዘው ቅጣቱን ያከብድበታል።

«ማወቅ ሲገባው» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ነጋዴው «አላውቅም ነበር» ብሎ እጁን ታጥቦ እንዳይሄድ የተቀመጠ ነው። ማንነቱ የማይታወቅ ጎረምሳ፣ በማለዳ፣ በፌስታል የጠቀለለውን ስፖኪዮ ያለ ደረሰኝ በዋጋው እሩብ ሲያቀርብልህ፣ ከየት እንደመጣ ማወቅ የሚገባህ ሰው ነህ። ይህንን ለመረዳት የሕግ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

የከተማው ሰው ስፖኪዮው ሲነቀል ምን ይላል? «መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሂድ፤ የራስህን መልሰህ ትገዛለህ» ይላል። እንደ ቀልድ ሆኖ የቆየ አባባል ነው። እርግጥ ነው፣ እዚያ የሚነግደው ሁሉ የተሰረቀ ዕቃ ይሸጣል ማለት ነውር ነው። ግብሩን ከፍሎ፣ ዕቃውን በደረሰኝ አስገብቶ የሚሠራ ሐቀኛ ነጋዴ ሞልቷል። የተሰረቀውን በርካሽ የሚሸጠው ጎረቤቱ መጀመሪያ የሚያከስረው እሱን ነው። ግን ቀልዱ ቀልድ ሆኖ ይህን ያህል ዘመን ሲኖር፣ የሚመለከተው ክፍል አልሰማም ልንል ነው?

የግብር ሰብሳቢው ሠራተኛ እኮ የየሱቁን በር ያውቀዋል። ስትሸጥ ደረሰኝ ቆርጠሃል ወይ ብሎ ይቆጣጠራል፤ ካልቆረጥክ ያሽጋል። ስትገዛስ ከማን ገዛህ፣ በምን ደረሰኝ ብሎ ያገለገለውን መለዋወጫ በር በር የሚጠይቅ ማን ነው? ንግድ ፈቃዱን በየዓመቱ የሚያድሰው ማን ነው? መንግሥት ገንዘቡን ለመሰብሰብ ዓይኑ እንደ ንስር ነው፤ የእኛን ንብረት ለመጠበቅ ሲሆን ግን እንቅልፍ ያሸንፈዋል¡

ስለዚህ ሕግ አውጪው ፊት ቀርበን የምንጮህ ከሆነ «አንቀጽ 665 ይጠንክር» ብለን አንጩህ። «አንቀጽ 682 ይሥራ» ብለን እንጩህ። አንድ የሌሊት ሌባ ሲታሰር ሌላ ይተካዋል፤ መንገድ ላይ የተራበ ልጅ ሞልቷላ! አንድ ተቀባይ ሲዘጋ ግን ሃያ ሌባ ገበያ ያጣል።

ፖሊስ፣ ዋስትና እና ኤግዚቢት

«ዛሬ ታስሮ ነገ በዋስ ይወጣል» የሚል ምሬት ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር ልጣላ ነው።

ዋስትና የሌባ መብት አይደለም፤ የሰው መብት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ ዋስትናንም ይሰጠዋል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 63 ዋስትናን የከለከለው በሞት ወይም በ15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣ፣ ተበዳዩ ለሞተበት ወይም ሊሞት ለሚችልበት ወንጀል ነበር። ዛሬ «ለሌባ ዋስ ይቅር» ብለን ብናስፈርድ፣ ነገ በዚያው በር የሚገባው ጋዜጠኛው ነው፤ ተቃዋሚው ነው፤ ወይም ከሹም ጋር የተጣላው የእናንተ ልጅ ነው። ይህን አገር እናውቀዋለን እኮ!

ሌባው የሚያመልጠው በዋስትናው በር አይደለም፤ በደካማው ምርመራ በር ነው። ምስክር ሳይጠራ፣ ዕቃው ከማን እጅ እንደተያዘ በወጉ ሳይመዘገብ፣ ገዢው ሳይጠየቅ መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይደርሳል፤ ያኔ ዳኛው ምን ያድርግ?

ደግሞ መኪናው ሲገኝም ጣጣው አያልቅም። አንድ ደንበኛዬ የተሰረቀች መኪናው ተገኝታ፣ ኤግዚቢት ናት ተብላ ግቢ ውስጥ ቆመች። ክሱ ሲጓተት፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ሲተካ፣ ጎማዋ መሬት ነካ፤ ባትሪዋ ሞተ። ሰውዬው የታክሲ ገቢ እየናፈቀው የራሱን መኪና በአጥር ቀዳዳ እያየ ይመለስ ነበር። ፎቶ ተነስታ፣ ሻንሲና ሞተር ቁጥሯ ተመዝግቦ፣ ሲጠየቅ አቀርባለሁ ብሎ ፈርሞ ቢወስዳት ማን ይጎዳ ነበር? ሌባው አንድ ጊዜ ሰረቀው፤ አሠራሩ ደግሞ በየቀኑ ሰረቀው።

ሌባ ሻይ እንዳንሆን

አሁን ደግሞ የማትወዱትን ልናገር። ባለፈው እዚሁ ሰፈር አንድ ልጅ «ሌባ!» ተብሎ በድንጋይ ተቀጥቅጦ እንደነበር ሰምቻለሁ። አንዳንዶቻችሁ ስትደሰቱበትም ሰምቻለሁ።

አባቶቻችን ሌባ የሚፈልጉበት ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ብላቴና መድኃኒት ያጠጡትና በስካር እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ሄዶ የወደቀበት ደጅ ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ስንቱ ንጹሕ ሰው በዚያ ብላቴና እግር ተቀጥቷል! ሁለተኛው አፈርሳታ ነው፤ አንዳንድ አገር አውጫጭኝ ይሉታል። ያገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የሚያውቅ ያወጣል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሌባው ሳይታወቅ ከቀረ ዕዳው ላገሬው የሚተርፍበት ጊዜም ነበር። ይህም ቢሆን ግፍ አላጣውም፤ ግን አንድ ቁም ነገር ነበረው፤ የጠፋው በሬ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የሁላችን ጉዳይ ነው የሚል።

እኛ ዛሬ የያዝነው የትኛውን ነው? የተቀደደ ልብስ የለበሰ ልጅ መኪና አጠገብ ስለቆመ ብቻ ስንጥለው፣ ሌባ ሻዩ እኛው ሆነናል፤ ያውም ያለ መድኃኒት። የኦሪት ሕግ እንኳን ሌሊት ግድግዳ ሲነድል የተገደለን ሌባና ፀሐይ ከወጣች በኋላ የተገደለውን ለይቷል፤ የኋለኛውን የገደለ የደም ዕዳ አለበት። የኛም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስንና ንብረትን መከላከል ይፈቅዳል፤ ግን በዚያች ቅጽበት፣ ለማስጣል በሚበቃ መጠን ብቻ ነው። ሌባው ከተያዘና እጁ ከታሰረ በኋላ የሚሰነዘር ድንጋይ መከላከል አይባልም፤ ወንጀል ነው። በአንድ ስፖኪዮ ሰበብ የአንድ ቤት አባወራ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ቃሊቲ ሲገባ ማየት አልፈልግም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የምችለውን ያህል ተግባራዊ ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ስፖኪዮ፣ መብራትና መስታወት ላይ የሰሌዳ ቁጥራችሁን አስቀርጹ። ቁጥር ያለበት ዕቃ ለሌባው ዋጋው ይወርድበታል፤ ነጋዴውም «አላወቅሁም» የሚልበት አፍ ያጣል።

ሁለተኛ፣ ያገለገለ ዕቃ ያለ ደረሰኝ አትግዙ። የሻጩን ስም፣ አድራሻና የንግድ ፈቃድ ያልያዘ ወረቀት ደረሰኝ አይደለም። ርካሽ ነው ብሎ የገዛ ሰው የጎረቤቱን ስፖኪዮ አስነቃይ ነው፤ በአንቀጽ 682 ፊትም ራሱን አቁሟል።

ሦስተኛ፣ መኪና ስትገዙ ሊብሬውን ብቻ አይታችሁ ብር አትቁጠሩ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አስተያዩ፤ ፋይሉ ያለበት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ዕዳ፣ እገዳና ባለቤትነቱን አረጋግጡ። የተሰረቀ ንብረት በቅን ልቦና የገዛ ሰው እጅ ቢገኝም፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለባለቤቱ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ገንዘባችሁን ከሰወረው ሻጭ ጋር ስትፈላለጉ ትኖራላችሁ።

አራተኛ፣ የሦስተኛ ወገን መድን የተሰረቀ መኪና አይከፍልም። እሱ በመኪናችሁ ለተጎዳ ሌላ ሰው ነው። የስርቆት ሽፋን በውል ለብቻው የሚገባ ነውና ውላችሁን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አንብቡ።

አምስተኛ፣ ትንሽም ቢሆን የጠፋባችሁን አመልክቱ፤ የመዝገብ ቁጥር ሳትይዙ ከጣቢያ አትውጡ። ሌባው ሲከሰስ ደግሞ ካሣ ጠይቁ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ተበዳዩ ካሣውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲጠይቅ በር ከፍቷል፤ ስንገባበት ግን አይታይም።

ስድስተኛው ለእድሩ ነው። እድር ሰው ሲሞት ብቻ የሚሰበሰብ አይሁን። የጠፋው ዕቃ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው የሚጻፍበት አንድ መዝገብ ክፈቱ። በየሦስት ወሩ ግልባጩን ለፖሊስም፣ ለንግድ ቢሮውም፣ ለጋዜጦችም ስጡ። በቃል የሚቀርብ ምሬት በቃል ይመለሳል፤ በቁጥርና በቀን የተጻፈን ግን «አልሰማንም» ማለት አይቻልም። የኛ አፈርሳታ ይሄ ይሁን፤ ድንጋይ የሌለበት አፈርሳታ።

ሹማምንቱንም በዚያ መዝገብ እንጠይቃቸው። ስንት ሌባ ያዛችሁ ብለን ብቻ አንለፋቸው፤ እሱን በቴሌቪዥን ያሳዩናል። ስንት ተቀባይ ከሰሳችሁ? ስንት ሱቅ አሸጋችሁ? የተገኘውን መኪና በስንት ቀን ለባለቤቱ መለሳችሁ? እነዚህን ጥያቄዎች ፊታቸው ላይ የሚያስቀምጥ ሰፈር፣ ስቅላት ከሚጠይቅ ሰፈር ይልቅ ያስፈራቸዋል፤ ሌባውንም ይበልጥ ያስፈራዋል።